ሲም የሚጎርሰው የከድር ላፕቶፕ

ሰው በብዙ ነገር ይቀናል። በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በባልንጀራው መኪና ይቀናል፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ በሚመጣ የአጎቱ ልጅ ጫማ ይቀናል። በዚህ በኩል እኔ ብዙም አልታማም። ወልቂጤ ውስጥ አዲስ ፎቅ ሲቆም ሳይ «እሰይ፣ ከተማችን አደገች» ብዬ አልፋለሁ፤ ለማውቀው ሰው ሎተሪ ወጣለት ቢሉኝም ቢበዛ ቢበዛ አንድ ቀን እራት አልበላም። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ግን በዕድሜዬ ከአንጀቴ የቀናሁት አንድ ጊዜ ነው። የቀናሁትም በቀዳዳ ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ቀዳዳዋ የጣት ጥፍር አታክልም። ያለችውም አንድ ላፕቶፕ ጎን ላይ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች እንደ ስልክ ሲም ካርድ ይጎርሳሉ፤ አይታችሁ ይሆናል። ሲሙን ትሰጡታላችሁ፣ ይውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ገመድ የለ፣ የዋይፋይ ሳጥን የለ፣ ስልክ መለመን የለ፤ ኢንተርኔቱ ከውስጡ ይፈልቃል። የእኔ ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም። ሦስት ፊደል ወልቆባታል፣ ከሶኬት ስነቅላት እዚያው ጭልም ትላለች። ኢንተርኔት ሲያስፈልገኝ ስልኬን አጠገቧ አጋድሜ ሆትስፖት እከፍታለሁ፤ ስልኩ እንደ ምጣድ ይግላል፣ መሐል ላይ ደግሞ አንዱ ዘመድ ይደውልና ሁሉም ነገር ይቋረጣል።

ባለ ቀዳዳው ላፕቶፕ የከድር ነበር። ከድር አብሮኝ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር ነው። የኮምፒውተር መምህሩ፣ ልብ በሉ፣ እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለወልቂጤ ልጆች ስለ ኮምፒውተር ሳስተምር የኖርኩት እኔ፤ እንደዚያ ያለ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚገባው ግን ስለ እንቁራሪት ሆድ ዕቃ የሚያስተምረው ከድር። አዲስ አበባ የሚነግድ ታላቅ ወንድሙ ነው ያገለገለ ገዝቶ የላከለት። ከድር እንኳን ሊመርጠው፣ ምን እንደተላከለት አያውቅም ነበር። ፕሮግራም እንድጭንለት አምጥቶልኝ ጎኑን ስዳብስ ቀዳዳዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ይብስ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። «የሲም ቦታ አለው እኮ!» አልኩት። «የምን ሲም?» አለኝ። ስልኩ ላይ ሁለት ሲም ነበረው፤ አንዱ ለመሥሪያ ቤትና ለፎርም የሚሰጠው የድሮ ቁጥሩ፣ ሌላው ለዘመድና ለጓደኛ የሚሰጠው። ስልኩን ለወሬ፣ ላፕቶፑን ለሥራ እንዲያደርግ መክሬ የድሮውን ሲም በገዛ እጄ አውጥቼ፣ በገዛ እጄ አጎረስኩለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ሰላም ተለያየን። ትምህርት ቤታችን መብራት ሲጠፋ የዋይፋዩ ሳጥን አብሮ ይሞታል። መምህራን ሁሉ «ኤጭ!» ብለን እጃችንን ስናጣጥፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ የከድር ጣቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ወደ እሱ ይጠጋል። አንዷ ኢሜይል ላክልኝ ትላለች፣ አንዱ የልጁን ውጤት እይልኝ ይላል። ርዕሰ መምህሩ ሪፖርቱን በከድር ላፕቶፕ ልኮ ሲያበቃ «ከድር ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ይላል፣ እኔ ቁጭ ብዬ። ከድር ደግሞ አይኮራም። ቢኮራ እኮ ቀለል ይለኝ ነበር፤ ትዕቢተኛ ነው ብዬ አማው ነበር። እሱ ግን ፈገግ ብሎ «የደሳለኝ ሥራ ነው፣ እሱ ነው ያበጀልኝ» ይላል። ደሳለኝ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሲል ደሜ ይፈላል።

እኔ ቅናት ሲጠናብኝ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። እመክራለሁ። ሌላው ሰው ሲቀና ያማል፣ ያኮርፋል፤ እኔ ስለ ጥንቃቄ እመክራለሁ። መጀመሪያ የመከርኩት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ እንዳይሠራ ነበር። «ሞገድ አለው ወንድሜ፤ ኋላ ልጅ አልወልድ አልኩ ብለህ እንዳታማርር» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከድር ደንግጦ ሳምንት ያህል ጠረጴዛ ሲፈልግ ከረመና ረሳው። በዓመቱ ሚስቱ መንታ ወለደች።

ሁሉም ምክሬ ግን ሐሰት እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተሩ ራሱን ላድስ ሲል የተገዛውን ጥቅል ሙልጭ አድርጎ እንደሚበላ ነግሬው አስዘግቼዋለሁ። ክዳኑን ብቻ ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ቢከተው እዚያ ሆኖ ኔትወርክ ሲፈልግ እንደሚግል፣ ስለዚህ አጥፍቶ መያዝ እንዳለበት ነግሬዋለሁ። ላፕቶፑ ለሌላው የሚያድለውን ሆትስፖት ደግሞ በይለፍ ቃል እንዲቆልፍ አጥብቄ መከርኩት፤ ምክንያቴ ደህንነት ነው አልኩ እንጂ ልቤ የፈለገው ሰው ሁሉ ዙሪያውን መክበቡን እንዲተው ነበር። እሱም ምክሬን ተቀብሎ ይለፍ ቃል አበጀለት፤ ከዚያም ማንም እንዳይቸገር ብሎ ይለፍ ቃሉን መምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ በቾክ በትልቁ ጻፈው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይደረጋል?

አንድ ምክር ብቻ ቀርቷል። ላፕቶፑን ለሰው ስትሰጥ ሲሙን አውጣ የሚለው። ይህን ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ «ሲም ካርድ ማለት ማኅተም ማለት ነው፤ ሲማችሁን የያዘ ሰው መልእክታችሁን ያነባል፣ የምስጢር ቁጥራችሁን ይቀበላል፣ እናንተን ሆኖ ይገኛል» እያልኩ ሰሌዳ ላይ አስምሬበት አስጽፋለሁ። ለከድር ያልነገርኩት ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ። በዞኑ ላሉ መምህራን የኮምፒውተር ሥልጠና የሚያስተባብር አንድ ሰው ይፈለጋል። አንድ ብቻ። የራሱ ቢሮ አለው፣ የሚሽከረከር ወንበር አለው፣ ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ገብቶ «ዝም በሉ!» ማለት የለበትም። ያ ቦታ ለእኔ የተሰፋ መሰለኝ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩ ያህል ተሰማኝ። ማስታወቂያውን አይቶ የነገረኝ ማን ይመስላችኋል? ከድር። ለሁለታችንም ማመልከቻ የተላከው በእሱ ላፕቶፕ ነው፤ መብራት አልነበረምና። «ቅድሚያ ያንተን» ብሎ የእኔን ልኮ፣ ከዚያ የራሱን ላከ። ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ የድሮ ቁጥሩን ሞላ።

ከዚያ አረፋ ደረሰ። አረፋ ሲደርስ ከድርን ወልቂጤ ላይ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ሚስቱንና መንታዎቹን ይዞ ወደ አረቅጥ፣ ወደ እናት አባቱ ቤት ይወጣል። አዲስ አበባ ያለው ወንድም፣ ጅማ ያለችው እህት፣ የአክስትና የአጎት ልጅ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ባለፈው አረፋ ላፕቶፑን ይዞት ሄዶ ነበር። የዘመድ ልጆች ፊልም ሊያዩ ተሻምተው ክትፎ በነካ ጣታቸው ሲጫኑት ቅቤው ፊደሎቹ ሥር ገብቶ፣ ሲመለስ በጥጥ ስጠርግ የዋልኩት እኔው ነኝ። ዘንድሮ ስለዚህ ላፕቶፑን በአደራ ሊሰጠኝ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ።

«እስክመለስ አንተ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። «ዝም ብለህም አታስቀምጠው፣ ሥራበት። የወር ጥቅል ገዝቼበታለሁ፣ ግማሹ እንኳ አልተነካም። እኔ አገር ቤት ቁጭ ብዬ ቀኑ ሊያልፍበት ነው እኮ! ወላሂ ያንገበግበኛል።»

እኛ ጉራጌዎች ሌላው ነገር ይቅርና የተገዛ ነገር ሳይሠራበት ሲቀር ማየት አንችልም። ምግብ ቢሆን ለጎረቤት እንሰጣለን፤ ጊጋ ሲሆን ደግሞ ይኸው ለጓደኛ እንሰጣለን። ከድር ጊጋው እንዳይባክን ብሎ ማኅተሙን ትቶልኝ ሊሄድ ነው። ለዐሥረኛ ክፍል ያስጻፍኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

«ሲሙን…» አልኩ።

«ሲሙን ምን?»

ምራቄን ዋጥኩ። አራት ቀን ሙሉ መብራት ኖረ አልኖረ የማይቋረጥ ኢንተርኔት ታየኝ። «ሲሙን ደህና አድርጎ ይዞታል ወይ ልልህ ነው» አልኩት።

«ይዞታል ይዞታል። በል ደህና ሰንብት» ብሎ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

እነዚያ ቀናት እንዴት ያሉ ቀናት ነበሩ! መንገድ ዳር ያለ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ስልኬን ሆን ብዬ ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ያለ ምንም ገመድ እሠራለሁ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቢያየኝ ደስ ባለኝ፤ የሚያየኝ ግን አልነበረም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡታጅራ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋ ይዤው ሄድኩ። ወንድሜ በርና መስኮት የሚበይድበት ወርክሾፕ አለው። ብረት መሐል ከፈትኩና «ተመልከት፣ ያለ ዋይፋይ፣ ያለ ስልክ» አልኩት። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየው። «ጥሩ ነው። የማን ነው?» አለኝ። «እኔ ጋ ነው ያለው» አልኩ። «እሱን አየሁ፣ የማን ነው?» አለኝ እንደገና። ታላቅ ወንድም ሲባል እንዲህ ነው፤ ደስታችሁን ሲያይ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። ወደ ወልቂጤ ስመለስ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፌ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ካፌው በረንዳ ላይ እንዳለሁ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ወዲያው ደግሞ የላፕቶፑ ስክሪን ጥግ ላይ ለሲሙ የተላከ መልእክት የምታሳይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ስልኬን አወጣሁ፤ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ እንድቀርብ፣ ያልቀረበ ራሱን እንዳገለለ እንደሚቆጠር ይላል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀጥዬ ስክሪኑን አየሁ። መልእክቱ ያው ነው፤ ቃል በቃል ያው። የተጻፈው ግን ለከድር ነው። ጠሪው መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ቁጥር አረቅጥ አልሄደም፤ እዚህ እኔ ፊት፣ ከማኪያቶዬ አጠገብ ነው ያለው።

ክው አልኩ። ቀጥሎ ያሰብኩትን ብደብቃችሁ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ከተማ ከድር መጠራቱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ አልሰርቅ፣ አልዋሽ፣ አላጠፋ። ላፕቶፑን መዝጋት ብቻ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ይመጣል፣ ያልፋል፤ ከድር ሲመለስ «ውይ፣ እኔ እኮ መልእክት አላይበትም» ማለት ነው። ደግሞስ ቦታው የኮምፒውተር ነው፣ የእንቁራሪት አይደለም! ዐሥራ አራት ዓመት! ርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ ምን እንደሚል ታየኝ፤ «ይህ ከድር፣ ቢሮም አገኘ፣ እሱ ባይኖር…» ላፕቶፑን ዘጋሁት። ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ ትቼው ተነሣሁ።

ሰኞ ዋልኩ። ሰኞ አደርኩ። በመሐሉ አንድ የማይረባ ነገር እየመጣ ያስቸግረኝ ነበር። እናቴ ቡታጅራ የታመመች ጊዜ ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልገባሁም። ክፍሎቼን ከድር ነበር የያዘልኝ። ስለ ኮምፒውተር ምንም አያውቅም፤ እኔ ማታ ማታ በስልክ አስተምረዋለሁ፣ እሱ ጠዋት ሄዶ ያስተምራቸዋል። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ የእሱ ገባን አሉ። ይህን ሳስታውስ ደግሞ እንደገና ቀናሁ።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ሚስቴ ትዕግሥት አየችኝ። ትዕግሥት ብዙ አትናገርም።

«ምን ሆነህ ነው የማትበላው?»

«ከድር ለቃለ መጠይቅ ተጠርቷል። መልእክቱ እዚህ ላፕቶፑ ላይ መጣ።»

«ደወልክለት?»

«አረቅጥ ኔትወርክ መች አለ፣ በዚያ ላይ በዓል ነው…»

«ሞክረህ ነበር?»

እንጀራውን ቆረስኩና መልሼ አስቀመጥኩት። የተረፈኝን ምግብ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቼ ግቢ ወጣሁና የዘመድ ቁጥሩን ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው፤ ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነው።

«ደሳለኝ! እንዴት ነህ ወንድሜ? ላፕቶፑ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ስማ፣ ለነገ ሦስት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ተጠርተሃል። መልእክቱ አሁን ገና ገባ።»

አሁን ገና። አንደበቴ እንዲህ አለ። ማንም አላስገደደኝም።

«አልሃምዱሊላህ! አንተስ ተጠራህ?»

«ተጠርቻለሁ።»

«እሰይ! መጣሁ፣ መጣሁ» አለ። ከበስተጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

በዚያው ከሰዓት ያገኘው ሚኒባስ ላይ ተንጠልጥሎ ወረደ። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸሚዙን ተኩሶ ቤቴ መጣ፤ ላፕቶፑን ሊወስድና አብረን ልንሄድ። ትዕግሥት ሻይ አቀረበችለት። «እስቲ የቢሮ ቁጥሩን ልየው» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተና መልእክቱን አወጣ። እኔ ከረባቴን እያሰርኩ ነበር፤ አጠገቡ ቆሜ በትከሻው በኩል አየሁ። ከመልእክቱ ሥር፣ በትንንሽ ፊደል፣ የገባበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል። ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ዐሥራ አራት ዓመት ኮምፒውተር ሳስተምር መልእክት ሁሉ የገባበትን ሰዓት ይዞ እንደሚቀመጥ አስተምሬያለሁ።

ከድር ሰዓቷን አያት። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ። ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋና ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ቁጣ ቢኖር ኖሮ እኔም እመልስ ነበር።

«አላህ ይስጥልኝ ደሳለኝ» አለ። «ባትደውል ቀርቼ ነበር።»

ከዚያ ባጃጅ ተሳፈርን። ስለ መንገዱ አቧራ አወራን። የእኔ ላብ በከረባቴ በኩል ይወርድ ነበር።

ሥራውን ከድር አገኘው። ለቃለ መጠይቁ ሰዎች ከኮምፒውተር መምህር እየተማረ ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳስተማረ ነገራቸው አሉ፤ ሥልጠና ማለት ይህ ነው ተባለ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ አቀፍኩት፤ ማቀፉ ከልቤ ነበር፣ ከማቀፉ በኋላ ያለው ግን አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ የጠበቅሁትን ሁሉ አለ፣ አንድ ቃል አላጎደለም።

ከሁለት ወር በኋላ ከድር አንድ ቀን ከሰዓት ቤቴ መጣ። በእጁ ያ ላፕቶፕ አለ። «ቢሮው አዲስ ሰጠኝ» አለ። «ይህ እኔ ጋ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ላንተ ይሁን። አንተ ነህ የምታውቅበት። ምክርህን ሁሉ ደግሞ ሰምቻለሁ፤ ራሱን እንዳያድስ ዘግቼዋለሁ፣ ቦርሳ ውስጥ ሳስገባው አጥፍቼዋለሁ፣ ጭኔ ላይም አላስቀመጥኩትም።» ሳቅን። ትዕግሥት ለመንታዎቹ በርበሬ… ማለቴ ለሚስቱ በርበሬ፣ ለመንታዎቹ ብስኩት ቋጥራ ሰጠችው። አዲሱ ላፕቶፑ ቀጭን ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

እሱ ሲሄድ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ መርፌ አምጥቼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የቀናሁባትን ቀዳዳ ነካ አድርጌ የሲም መያዣዋን ሳብኳት። ባዶ ናት። ሲሙን አውጥቶታል።

ይህን ምክር ግን እኔ ሰጥቼው አላውቅም።